5 ቡችሎችና እናታቸው አሉ፤ የትኛው ለየትኛው ቤት ይስማማል? (ድሬዳዋና ሐረር)

ሳቢያን_05፦

ሰላም ወገኖች፣ ውሻ የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

እናቲቱ 4 ዓመቷ ነው፤ የጀርመን ሸፐርድና የሀበሻ ድቅል፣ 26 ኪሎ ገደማ። አባትየው የሰፈር ውሻ ነው። ቡችሎቹ 7ኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። በወር ከግማሽ ውስጥ ቤቱን ለቅቀን ከከተማው ስለምንወጣ እናቲቱን ጨምሮ ሁሉም ቤት ማግኘት አለባቸው።

ጥቁሩ ወንድ ትልቁ ነው፤ ሳህን ላይ ሌሎቹን ገፍቶ ይበላል፣ ሲያነሱት ይንፈራገጣል። ቡናማው ወንድ የተረጋጋ ነው፣ ማንም ቢይዘው ዝም ይላል። ደረተ ነጩ ወንድ ለኮሽታው ሁሉ ይጮሃል፣ ግን አይሸሽም። ትልቋ ሴት ሰው ተከትላ ነው የምትውለው። ትንሿ ሴት ፈሪ ናት፣ ድምፅ ስትሰማ አልጋ ሥር ትገባለች።

የጠየቁኝ ሰዎች፦
1. አዲስ ከተማ፣ የ3 እና የ7 ዓመት ልጆች ያሏቸው ቤተሰብ። ግቢው ከሁለት ጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ጥቁሩን ነው የወደዱት።
2. በመልካ ጀብዱ መንገድ መጋዘን ያለው ሰው። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ይፈልጋል፤ ቀን ታስረው ማታ ሊፈቱ።
3. ሳቢያን ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ፣ ባልና ሚስት። ሁለቱም ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው።
4. ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ዘመዳችን።
5. ከዚራ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባትና ባለቤታቸው። ሰፊ ግቢ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። የሚፈልጉት ቡችላ ነው።

ማንን ለማን ልስጥ? መቼስ ልስጥ? ሰዎቹንስ ምን ልጠይቃቸው?


አሰልጣኝ_ድሬ፦

ወንድሜ፣ ቡችሎቹን በደንብ አይተሃቸዋል፤ ስለ ሰዎቹ ግን ያወቅከው የሚፈልጉትን ቀለምና ብዛት ብቻ ነው። ድሬ ላይ ውሻና ቤት የማይስማሙት ብዙ ጊዜ በዘሩ ምክንያት አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ውሻው የት እንደሚውልና ማን እንደሚያየው አስቀድሞ ያሰበበት ሰው ስለማይኖር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤቶቹን ሂድና እይ። በስልክ ሁሉም ሰው "ግቢዬ ሰፊ ነው" ይላል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሂድና ጥላው የት እንደሚያርፍ ተመልከት። የጠዋት ጥላ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው። የቆርቆሮ የውሻ ቤት ድሬ ላይ ምድጃ ማለት ነው፤ ካለ በላዩ ላይ ሰሌን ወይም እንጨት ተረብርቦ በመሃሉ አየር እንዲያልፍ ይደረግ፣ አለዚያ ይነሳ። ውሃውን ማን እንደሚሞላ በስም ይንገሩህ። "ሁላችንም እናጠጣዋለን" ማለት ማንም አያጠጣውም ማለት ነው። አንድ ውሻ በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር በቀን ይጠጣል፣ በግንቦትና ሰኔ ሙቀት እጥፍ ሊሆን ይችላል። እንደ እናቲቱ ላለ ውሻ እስከ 3 ሊትር መሆኑ ነው፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ጀሪካን ላይ ለውሻው የተቀመጠ መኖር አለበት። አከራይ ካለ አከራዩ ይስማማ። ለክትባትና ለመድኃኒት ከኪሱ የሚያወጣው ማን እንደሆነም ጠይቅ። የቤት ሠራተኛ ካለች እሷን ለብቻዋ አናግራት፤ ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር የምትውለው እሷ ናት፣ ውሻ ከፈራች ነገሩ አይሆንም።

ከዚያ ቡችሎቹን ፈትን። ፈታኙ የማያውቁት ሰው ይሁን፣ ቦታውም የማያውቁት። አንድ በአንድ፣ ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላና ከምግብ በፊት። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ይጥራው፣ ከዚያ ተነስቶ ይሂድ፤ ይከተለዋል ወይስ ይቆማል? ቀጥሎ ከደረቱ ሥር ይዞ ለ30 ሰከንድ ያንሳው። በጣቶቹ መሃል ያለውን ቆዳ ቀስ አድርጎ ይጫነው። በመጨረሻ 2 ሜትር ርቀት ላይ ባዶ ጣሳ ይጣል። መደንገጡን አትቁጠርበት፣ ሁሉም ይደነግጣል። የምታየው ደንግጦ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ተመልሶ ጣሳውን መጥቶ እንዳሸተተ ነው። ከ3 ቀን በኋላ ድገመው። ይህ ፈተና ውሻው ሲያድግ ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት አይነግርህም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በየትኛው ቤት እንደሚቋቋም ግን ፍንጭ ይሰጥሃል።

በጻፍከው ስመዝነው፦

ቡናማው ለልጆቹ ቤት ነው። ጥቁሩን የ3 ዓመት ልጅ ላለበት ቤት አትስጥ፤ ሳህን ላይ የሚገፋ ቡችላ 6 ወር ሲሞላው የልጅ እጅና የራሱን አጥንት አይለይም። ቡናማውም ቢሆን ትልቅ ሰው በሌለበት ከትንሹ ልጅ ጋር ብቻውን አይተው፣ ሲበላና ሲተኛ ልጆቹ አይንኩት።

እናቲቱን ለከዚራው አባት። ቡችላ ፈልገው ከሆነ ቁጭ ብለህ አስረዳቸው። የ8 ሳምንት ቡችላ በቀን 4 ጊዜ ይበላል፣ ሌሊት ያለቅሳል፣ በ8ኛው ወሩ ደግሞ ጉልበተኛ ሆኖ እግር ሥር ይገባል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ይጥላል። እሷ ባህሪዋ ያለቀለት፣ ግቢ መጠበቅ የምታውቅ ናት። የማንጎ ጥላ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ። ከዝርዝርህ ውስጥ እንደዚህ የሚገጥም የለም።

ኮንዶሚኒየሙን ተወው። 9 ሰዓት ብቻውን የሚውል ቡችላ ያለቅሳል፣ በር ይበላል፣ ጎረቤት ይማረራል፣ ከሦስት ወር በኋላ መንገድ ላይ ይጣላል። ባልና ሚስቱ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ቀኑ አይበቃቸውም።

ሁለቱን ወንዶች አንድ ላይ አትስጥ። አብረው ያደጉ ወንድማማቾች እርስ በርስ ተጣብቀው ሰው አልሰማ ሊሉ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ጠብ ሊጀምሩ ይችላሉ። አንድ ብቻ፣ እሱም ደረተ ነጩ። የሚጮህና የማይሸሽ ውሻ ነው ለጥበቃ የሚሆነው።

ጥቁሩና ፈሪዋ ዝርዝርህ ላይ ቤት የላቸውም። ለጥቁሩ ውሻ ይዞ የሚያውቅ፣ ጊዜ ያለው ሰው ፈልግ። ለፈሪዋ ልጅ የሌለበት፣ ከመኪናና ከባጃጅ መንገድ ገባ ያለ ጸጥተኛ ቤት። ስለቸኮልክ ብቻ የማይሆን ቤት አታስገባቸው።


ጥበቃ_ሰው፦

በጥቁሩ አልስማማም። መጋዘን የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ ተገፍቶ የማይመለስ። ደረተ ነጩ ለድመትም ለንፋስም ከጮኸ ዘበኛው ሳምንት ሳይሞላው ጩኸቱን መስማት ያቆማል።


አሰልጣኝ_ድሬ፦

መጋዘን ላይ ዘበኛ በፈረቃ ነው፣ በየጊዜውም ይቀየራል። ምግቡን የሚከላከል ውሻ ለአዲሱ ዘበኛ ሳህን አያስነካም፣ ዘበኛው ፈርቶ ምግቡን በሩቅ ይወረውርለታል፣ ውሻውም ሰው እየራቀው ይብሳል። መጨረሻው ጭነት ለማውረድ የመጣ ሰው መንከስ ነው። የጩኸቱ ነገር እውነት ነው፣ ግን ይታረማል፦ ሲጮህ ዘበኛው ሄዶ ይይ፣ "በቃ" ይበለው፣ ዝም ሲል ቁራሽ ይስጠው። የምግብ ጥበቃን ማረም ግን አንድ የታወቀ ሰው በየቀኑ ይፈልጋል፣ ያ ሰው መጋዘን ውስጥ የለም።

ባለመጋዘኑም ይወቅ፦ ቡችላ ከዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ ድረስ አይጠብቅም። ዛሬ ሌባ የሚያባርር ፈልጎ ከሆነ ቡችላ አይውሰድ።


ጥበቃ_ሰው፦

በዚህ ረትተኸኛል። ማሰሩ ካልቀረ ግን ግንድ ላይ በአጭር ሰንሰለት አይሁን። ከ15 እስከ 20 ሜትር ሽቦ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ በሁለት ምሰሶ መሃል ይወጠር፣ ሰንሰለቱ በቀለበት ሽቦው ላይ ይንሸራተት። ከእያንዳንዱ ምሰሶ 2 ሜትር ቀድሞ ማቆሚያ ይታሰር፤ ያ ከሌለ ውሻው ምሰሶውን ዞሮ ዞሮ ይታነቃል ወይም ውሃው ጋ መድረስ ያቅተዋል። ቢያንስ አንዱ ጫፍ ቀኑን ሙሉ ጥላ ይሁን። አንገት ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ፤ ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ በየሳምንቱ ይታይ፣ አለዚያ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ከ6 ወር በፊት ግን ጨርሶ አይታሰር።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ከሆነ ክረምት ላይ ማታ ታስሮ የሚያድር ውሻ አይኑር። በሐምሌ 1998 የደረሰውን ጎርፍ ድሬ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ደጋ ላይ ዘንቦ ውሃው ሌሊት ነው የሚመጣው።


የእንስሳት_ጤና፦

ቤት መምረጡን ተነጋግራችሁበታል፣ እኔ ጊዜውንና በሽታውን ልጨምር።

8 ሳምንት ሳይሞላቸው አትስጥ። ቡችላ ጥርሱን መለካት የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው፤ ቶሎ የተነጠለ ሲጫወት ሰው ይነክሳል። በሌላ በኩል 12 እና 13 ሳምንት ድረስ ግቢ ዘግተህ አታቆያቸው። ዓለምን የሚለምዱበት ዕድሜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ ጀለቢያ የለበሰ ሰው፣ የአዛን ድምፅ፣ ፍየል፣ ሕፃን፣ ሁሉንም በዚህ ዕድሜ ይዩ። ክትባታቸው ስላላለቀ በእቅፍ ይዛችሁ ውጡ እንጂ ውሻ የሚበዛበት መሬት ላይ አታስቀምጧቸው።

ጥምር ክትባቱ (ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ገዳይ የቫይረስ በሽታዎች የሚከላከለው) ከ6ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል። "አንዴ ተከትቧል" የሚባል ቡችላ አልተከተበም ብላችሁ ቁጠሩት። እናት በእንገሯ የሰጠችው መከላከያ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል፣ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው ነው፦ በ3 ወር፣ ከዓመት በኋላ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

ለዚህ ሲባል ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጥያቄ ጨምር፦ ባለፈው ዓመት እዚህ ግቢ ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት የሞተ ቡችላ ነበረ ወይ? ነበረ ካሉ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አይግባ። ደም የሚያስቀምጠው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። ሲሚንቶና ሳህን በበረኪና ይታጠባል (1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ)፣ አፈሩን ግን ማጽዳት አይቻልም። እንዲህ ላለ ቤት የሚሆነው ክትባቷ የተሟላ አዋቂ ውሻ ናት።

የትል መድኃኒት በ2፣ 4፣ 6 እና 8ኛ ሳምንት፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ። በበዓል ቀን በግቢ ሲታረድ፣ አረፋም ሆነ ፋሲካ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይወርወር። በውሻው ሆድ ውስጥ የኮሶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይሄዳል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ልጆች ላሉበት ቤት ይህን ሳትነግር ውሻ አትስጥ።

መዥገር ድሬ ላይ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ከመዥገር የሚመጣ የደም በሽታ ትኩሳት፣ የድድ መንጣትና የአፍንጫ መድማት ያሳያል። የከብት መርፌና የከብት መርጫ በግምት አይሰጠው። ለ300 ኪሎ በሬ የተሠራን መድኃኒት ለ5 ኪሎ ቡችላ በዓይን መለካት ገዳይ ነው።

ትርፍራፊ የሚበላበት ቤት ከሆነ ወጥ አይሁን። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ቀይ የደም ሴልን ይሰብራል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ገረባውም ከውሻ ይራቅ፤ ጫት ልብን ያፈጥናል፣ የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል፣ በዚህ አየር ላይ ያ አደገኛ ነው።

ሙቀት ያጠቃው ውሻ ምልክቱ የማያቆም ማለክለክ፣ ወፍራም ምራቅ፣ የጠቆረ ቀይ ድድና መንገዳገድ ነው። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ደቂቃ አትጠብቁ። ወደ ጥላ፣ ሆዱና ብብቱ ላይ ውሃ፣ ማራገቢያ፣ ከዚያ ሐኪም። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁ አትተዉት፣ ሙቀቱን ያፍነዋል።


የጀጎል_ልጅ፦

ስለ ሐረሩ ዘመድህ ልናገር። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ሙቀቱ አያሳስብህ። የሚያሳስበው ጅብ ነው።

ጀጎል ውስጥ ጅብ ማታ በግንቡ ቀዳዳዎች ገብቶ በየመንገዱ ይዞራል፣ ሰውም ለምዶታል፣ ከውሻ ጋር ግን አይስማሙም። ስለዚህ ደፍሮ የሚወጣ ውሻ እዚህ ዕድሜ የለውም። ደረተ ነጩ ለድሬ መጋዘን ጥሩ የሆነበት ጠባይ ራሱ ጀጎል ውስጥ ይገድለዋል፤ ወደ ጅቡ ይሮጣል። ለሐረሩ ቤት፣ ሰው የምትከተለዋ ትልቋ ሴት ትሻላለች፣ ስትጠራ ትመጣለች።

ዘመድህን ይህን አስፈጽመው። ማታ የሚዘጋ በር ያለው የውሻ ቤት፣ ወለሉ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ (ጅብ ከሥር ይቆፍራል)፣ በሩ ከውጭ በብረት መቀርቀሪያ የሚቆለፍ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳያልፍ ትግባ፣ ንጋት 12 ሰዓት ትውጣ። ታስራ ውጭ እንዳታድር፤ የታሰረ ውሻ መሸሽም መጋፋትም አይችልም። የበላችበት ሳህንና አጥንት ሌሊት ግቢ አይደር።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎረቤት ነው፣ አዲስ ከተማ ላለው የጋራ ግቢም ይሠራል። እዚህ አብዛኛው ሙስሊም በሻፊዒ መዝሀብ ነው የሚሄደው፣ የውሻ ምራቅና እርጥብ ሰውነት የነካው ዕቃና ልብስ አንዱን በአፈር ጨምሮ 7 ጊዜ ይታጠባል። ለጥበቃ ውሻ መያዝ ይፈቀዳል፣ ችግሩ የሚመጣው ውሻው የጋራ ቧንቧ ጋ ሲጠጣ፣ የተሰጣ ልብስ ሲነካ፣ ለሶላት የሚወጣ ሰው ላይ ሲዘል ነው። ስለዚህ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ዘመድህ የግቢውን ሰው ሁሉ፣ በተለይ ትልልቆቹን፣ ሄዶ ያስፈቅድ። የውሻው ቦታ ከቧንቧው፣ ከልብስ ማስጫውና ከመግቢያው ይራቅ፣ የራሱ አጥር ይኑረው። በጋራ ግቢ አንድ ሰው እንኳ ከልቡ ካልፈቀደ አትስጥ። ባይናገርም ቅሬታው ውሎ አድሮ በውሻው ላይ ይወጣል።


ሳቢያን_05፦

እግዜር ይስጣችሁ፣ ብዙ ነገር ነው የገባኝ። የከዚራውን አባት አናግሬያቸዋለሁ፣ እናቲቱን ለማየት ይመጣሉ። ቡናማው ለአዲስ ከተማ፣ ጎረቤቶቹ ከተስማሙ። መጋዘኑ አንድ ብቻ እንደምሰጠው ነግሬዋለሁ፣ እያሰበበት ነው። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። እናቲቱ ወደ ድሮ ቤቷ ብትመለስስ? ሰዎቹ ባይስማማቸው ምን ይደረግ? ትልቋን ሐረር እንዴት ነው የምወስዳት?


አሰልጣኝ_ድሬ፦

ከሳቢያን ከዚራ ለውሻ ቅርብ ነው፣ በር ክፍት ካገኘች ትመለሳለች። መጀመሪያ አባትዬው ሁለት ሦስት ጊዜ እናንተ ቤት ይምጡና እሳቸው በእጃቸው ያብሏት። ስትሄድ የተኛችበትን ጨርቅ ሳይታጠብ አብረህ ላክ። ለ2 ሳምንት በር በጥብቅ ይዘጋ፣ ከግቢ ስትወጣ በገመድ ብቻ፣ ምግብ የሚሰጣት አንድ ሰው ይሁን። እናንተ በዚህ ጊዜ ለጥየቃ አትሂዱ፣ ያገረሽባታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ብትተው አትደናገጡ፤ ውሃ እምቢ ካለች ግን ሐኪም ይያት። ልባቸው ቡችላ ላይ ከሆነ በግድ አታሳምናቸው።

ሁሉንም ስትሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍ፦ ካልተስማማ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ፣ ለአንተ እንዲመለስ። ከከተማው ስለምትወጣ እዚህ የሚቀበል ሰው ስልክ ይግባበት። በ3ኛው ቀን፣ በ3ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ደውል፤ ችግር የሚታየው በእነዚህ ጊዜያት ነው። ስትደውል "ደህና ነው ወይ?" አትበል፣ "ዛሬ ቀን የት ዋለ?" ብለህ ጠይቅ።


የእንስሳት_ጤና፦

እናቲቱን ከመስጠትህ በፊት ብታስመክናት ጥሩ ነው፤ ቡችሎቹ ጡት ከተዉና ጡቷ ከደረቀ በኋላ። ካልሆነ በየ6 እና 7 ወሩ ለ3 ሳምንት የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ የአባትዬው በር ላይ ያድራል፣ ካረገዘች በ63 ቀን ገደማ ሌላ ውላጅ ነው። የሁሉንም የክትባት ካርድ ስጣቸው። ከካርዱ ጀርባ ይህን ጻፍበት፦ ውሻው ሰው ከነከሰ ቁስሉ በውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፣ ውሻው አይገደል፣ ተዘግቶ ለ10 ቀን ይታይ።

ለሐረር ጉዞ ደንገጎ ላይ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ቡችላን ያስታውካል። ከመነሳትህ በፊት ባሉት 3 ሰዓታት አትመግባት፣ ውሃ ግን ትጠጣ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሳ፣ ሙቀት ሳይመጣ ትደርሳለህ። ካርቶን ሳይሆን ጎኑ የተቦረቦረ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከሥሩ ጋዜጣና ጨርቅ፣ እግርህ ሥር ወለሉ ላይ። ቡችላ ከነሳጥኑ የሚያስገባ ሚኒባስ እንዲሆን ከመሳፈርህ በፊት ሾፌሩን ጠይቅ፣ የሚጸየፍ ተሳፋሪ ካለ ቀጣዩን ጠብቅ። የምትበላውን ምግብ የሳምንት ያህል አስይዛት፤ አዲሱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ በ7 ቀን ያዛውሩላት፣ በአንዴ ከተቀየረ ያስቀምጣታል።